ለገዛ ሆድ ማደም

የእኛ አገር ተማሪ ሲያድም ለሌላ ሰው ብሎ ነው፤ ሲነገረን ያደግነው እንዲህ ነው። በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው ሲወጡ ጥያቄው የገበሬው እንጂ የራሳቸው አልነበረም። ለገዛ እንጀራ መጮህ ግን ነውር መስሎ ይታየናል። እስቲ ይህን ነውር እንመርምረው።

እዚህ አሜሪካ በድኅረ ምረቃ ትምህርት ላይ ያለን ሐበሾች ሥራችንን ለቤተ ሰብ ማስረዳት ያቅተናል። «ትማራለህ ወይስ ታስተምራለህ?» ይሉናል በስልክ። ሁለቱንም። ጧት ፕሮፌሰሩ ፊት ደብተር ዘርግተን እንቀመጣለን፤ ከሰዓት በኋላ ጠመኔ ይዘን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎችን እናስተምራለን፤ ማታ የፈተና ወረቀት እናርማለን። ቪዛችን ትምህርት ባለበት ጊዜ በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ መሥራት አይፈቅድልንም፤ የወረቀቱ ክምር ግን ሰዓት አይቆጥርም። ከኪራይ የተረፈው ለምስር ነው፤ ከእሱም ላይ ለአገር ቤት ይቀነሳል። ባለትዳሮቹማ የባሰባቸው ናቸው፤ በእኛ ቪዛ ተከትሎን የመጣ የትዳር ጓደኛ መሥራት አይፈቀድለትም።

ዩኒቨርሲቲዎቹ አንድ የቆየ መልስ አላቸው፦ ተማሪዎች እንጂ ሠራተኞች አይደላችሁም፤ ሙያ እየለመዳችሁ ነው። ለእኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም። የቆሎ ተማሪም ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ እየተከላከለ ይለምናል፤ ከፍ ሲል ደግሞ ታናናሾቹን ያስቀጽላል። ደመወዝ የለ! ነገር ግን የኔታም ከእሱ እምብዛም የተሻለ አይበሉም፤ የጎጆ ኪራይም አያስከፍሉትም። የእዚህኛው የኔታ ግን አንዳንዴ አከራያችንም እሱው ነው። በቀኝ እጁ የሰጠውን በግራው ይቀበላል።

ይህን ስናወራ የካሊፎርኒያው ነገር መነሣቱ አይቀርም። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 14 ቀን 2022 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ 10 ካምፓሶች 48,000 ያህል ረዳት አስተማሪዎችና ተመራማሪዎች ሥራ አቆሙ። ማኅበራቸው የማን ይመስላችኋል? የመኪና ፋብሪካ ሠራተኞች! ዋናው መሣሪያቸው ውጤት ነበር፤ ብዙ ቦታ ፈተና ሳይታረም ቀረ። ስድስት ሳምንት ያህል ቆዩ። ዲሴምበር 23 ውሉ ሲጸድቅ 23,000 ዶላር ገደማ የነበረው የረዳት አስተማሪ ዝቅተኛ የዓመት ክፍያ በ2024 መኸር ወደ 34,000 እንዲደርስ ሆነ። የጠየቁት ግን 54,000 ነበር። ድምፅ ከሰጡት ረዳት አስተማሪዎች ከ10 አራቱ ገደማ ውሉን ተቃወሙ፤ የሳንታ ክሩዞቹማ አብዛኞቹ። እነሱ በ2019 መጨረሻ ማኅበሩን ሳይጠብቁ ውጤት ይዘው በወር የ1,412 ዶላር ጭማሪ ጠይቀው ነበር። በፌብሩዋሪ 2020 ከ50 በላይ ተባረሩ፤ በኋላ ብዙዎቹ ተመለሱ።

እዚህ ላይ ነው የእኛ ጉልበት የሚርደው። ሥራ የተነጠቀ አሜሪካዊ ወላጆቹ ቤት ይገባ ይሆናል። የእኛ ግን ከሥራው ጋር የትምህርት ክፍያው፣ ከትምህርት ክፍያው ጋር ቪዛው ይሄዳል። ሕጉ የማኅበር አባል መሆንን አይከለክለንም፤ ግን እንቅልፍ የሚሰጥ ሕግ አይደለም።

ውጤቱን የሚጠብቀው ልጅስ? ሌሊት ሱቅ ውስጥ ሠርቶ ጧት ክፍል የሚያንቀላፋ፣ ስኮላርሺፑ በውጤቱ የሚወሰን ልጅ እናውቃለን። ምን እንበለው? ከመካከላችን አንዷ «እውነቱን ነዋ!» አለች። «ወረቀትህን የሚያርመው ሰው ኪራይ መክፈል አቅቶታል በሉት።» ነገርናቸው። ክፍሉ ዝም አለ፤ ከዚያ ያ የሚያንቀላፋው ልጅ ራሱን ቀና አድርጎ «እኛ እኮ ፕሮፌሰር ትመስሉን ነበር፤ የእኔ አለቃ የሱቁ ከእናንተ ይሻላል ማለት ነው?» አለ።

አሁን ባለንበት ዩኒቨርሲቲ የማኅበር መመዝገቢያ ካርድ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ነው። ከሐበሾቹ አምስታችን ፈርመናል። ሁለቱ «ባለቤቴን ላማክር» ብለው ካርዱን ኪሳቸው ከትተውታል፤ ማንም አልተቆጣቸውም። ማክሰኞ ማታ እንገናኛለን፤ ምስሩን የሚያመጣው ያልፈረመው ነው።