ያልተነገረው ሁለተኛ ድጋፍ

ዘንድሮ በውጤታችሁ ዩኒቨርሲቲ የምትገቡ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ልጆች፣ ይህን የምጽፍላችሁ በእኔ የደረሰው በእናንተ እንዳይደርስ ነው።

በልጅነቴ ፈረስ ቤት፣ በዚያ በደጋው ብርድ፣ ደበሎ የለበሱ የቆሎ ተማሪዎች «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ በደጃችን ይቆሙ ነበር። እናቴ ቁራሽ እንጀራ፣ ካልሆነም ጥቂት የተቀቀለ ድንች ትሰጣቸዋለች። ከአንድ ቤት የተገኘ ቁራሽ ተማሪን አያውለውም፤ ከዐሥር ቤት የተለቀመው ግን አኩፋዳውን ይሞላል። ወደ ጎጇቸው ሲመለሱ ያመጡትን በአንድ ላይ አቅርበው ታሞ ለቀረውም ያካፍላሉ። ከብዙ እጅ የመጣን ድጋፍ አጣምሮ መማር ለጎጃም አዲስ ነገር አይደለም።

በ2005 ዓ.ም. ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመደብሁ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ምግቡና ማደሪያው በወጪ መጋራት ይሸፈንለታል። ብዙዎቻችን ይህን ስጦታ አድርገን ውሉን ሳናነብ እንፈርማለን። በወጪ መጋራት ደንቡ መሠረት ግን የተማሪው ድርሻ፣ ሥራ ሲይዝ ከገቢው እየተቆረጠ የሚመለስ ዕዳ ነው። ከዚያ ውጭ ያለውን፣ መጓጓዣውን፣ ፎቶ ኮፒውን፣ ሳሙናውንና ጫማውን፣ እያንዳንዱ ራሱ ይወጣዋል።

ለዚህም ሰንበት ትምህርት ቤታችን ከፍተኛ ውጤት ላመጣን ሁለት ልጆች በወር 200 ብር ወሰነልን። በዚያው ሰሞን ሜሪላንድ የሚኖሩት አጎቴ በውጤቴ ተደስተው በየወሩ 400 ብር ይልኩልኝ ጀመር። የአንዱን ለሌላው አልተናገርሁም። ማንም አልጠየቀኝምና አልዋሸሁም፤ በዚህች ሰበብ ብዙ ወራት ተጽናናሁ።

ለፋሲካ ስመለስ፣ በውጤት ሦስተኛ የነበረችውን ልጅ ገበያ ላይ ሽንኩርት ስትሸጥ አገኘኋት። ደብረ ማርቆስ ተመድባ ነበር። «ለዕረፍት መጥቼ፣ ለመመለሻና ለኮፒ የሚሆን ጠፋ» አለችኝ። የእኔን ትምህርት ጠይቃ፣ «በርታ ወንድሜ» ብላ ወደ ደንበኞቿ ዞረች።

በማግስቱ ወደ ገንዘብ ያዣችን ወደ መሪጌታ ሄጄ ሁሉን ነገርኋቸው። መዝገቡን ገልጠው ዝም አሉ። ቆይተውም «ልጄ፣ ነግረኸን ቢሆን ለእርሷ እናዞረው ነበር» አሉኝ። ሳይጠየቅ የሚነገር ነገር እንዳለ ያን ቀን ገባኝ።

ይሁን እንጂ ጥፋቱ ሁልጊዜ የተቀባዩ ብቻ አይደለም። የአጎቴ ልጅ በውጤቷ ከውጭ ድርጅት ነጻ የትምህርት ዕድል ገንዘብ አግኝታ ለኮሌጇ ብታሳውቅ፣ ኮሌጁ ያንኑ ያህል ከራሱ ድጋፍ ቀነሰባት፤ ልፋቷ ለእርሷ አንዲት ሳንቲም አልጨመረላትም። ይህ በአሜሪካ የታወቀ አሠራር ነው። ሜሪላንድ በ2017 እ.ኤ.አ. መንግሥታዊ ኮሌጆች እንዲህ እንደ ልብ እንዳይቀንሱ በሕግ ስትገድብ ከግዛቶቹ የመጀመሪያዋ ነበረች። እውነቱን የተናገረውን ሁሉ የሚቀጣ ሰጪ፣ ተማሪውን መደበቅ ያስተምረዋል። መሪጌታ ይህን ያውቁ ኖሯል፤ 200 ብሩን ከመንጠቃቸው በፊት የአጎቴ ገንዘብ ለምን ለምን እንደሚበቃ ከእኔ ጋር ቁጭ ብለው አሰቡ። ሳሙናው፣ ኮፒውና መጓጓዣው ተደምሮ ከ400 ብር አላለፈም። ለመጽሐፍ ብቻ ዓመቱን በሙሉ አንድ ጊዜ የሚሰጥ ጥቂት አስቀሩልኝ።

ስለዚህ እናንተ ሁለት ድጋፍ ሲመጣላችሁ፣ እያንዳንዱ ለምን እንደ ተሰጠ ጠይቁ። አንዱ ለመጓጓዣ፣ ሌላው ለመጽሐፍ ከሆነ ይደጋገፋሉ፤ ሁለቱም ለአንድ ነገር ከሆኑ ገንዘቡን ከመንካታችሁ በፊት ለሁለቱም ሰጪዎች ንገሩ። በቃል ብቻ ሳይሆን በጽሑፍ ይሁን፤ የኮሚቴ አባላት ይለዋወጣሉና። ኮሚቴ ላይ ያላችሁም ወንድሞችና እኅቶች፣ የነገራችሁን ልጅ አታሳፍሩት።

የእኔ 200 ብር ከመስከረም ጀምሮ ለእርሷ ሆነ። ዩኒቨርሲቲው ማመልከቻዋን ተቀብሎ መለሳት። ከእኔ አንድ ዓመት ዘግይታ ተመረቀች።