ሰባት ኪሎ

መስከረም 18፣ ደባርቅ

የእህቴ ልጅ ለትምህርት ወደ ጀርመን ልትሄድ ነው። የእጅ ሻንጣ ገዝታ መጣች፤ ጠንካራ ፕላስቲክ፣ ባለ ጎማ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ለኢኮኖሚ ተሳፋሪ የሚፈቅደው የእጅ ሻንጣ 7 ኪሎ፣ ልኩም 55 በ40 በ23 ሳንቲ ሜትር ነው። ጎረቤታችን ካለው የእህል ነጋዴ ሚዛን ላይ ባዶውን ብናስቀምጠው ከ3 ኪሎ አለፈ። ግማሹን ሻንጣው ራሱ በልቶታል! ቀለል ባለ የጨርቅ ቦርሳ ለወጠችው።

መስከረም 21፣ ዳባት

እህቴ ቅቤ አንጥራ ጠበቀችን። የአውሮፓ ኅብረት መንገደኛ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ እንዳይገባ ስለሚከለክል፣ ቅቤው እዚሁ ይቅር አልኳት።

«እንዴት ባዶ እጇን ትሂድ?» አለችኝ።

ማር እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል፤ ግን ከ100 ሚሊ ሊትር የበለጠ ፈሳሽ ወይም ልቁጥ ነገር በፍተሻ ስለማያልፍ በእጅ ሳይሆን በትልቁ ሻንጣ ይሄዳል። በርበሬውና ሽሮውም እንደዚያው፣ በድርብ ፌስታል ታስሮ።

ከባዱ አደራው ነው። አንዲት ጎረቤት ተሰፍቶ የታሸገ ጥቅል ይዘው መጡ። ልጅቷ አፈረች፤ እኔ ግን «እማማ፣ ፍተሻ ላይ የምትጠየቀው እሷ ናትና እዚሁ ፈተን እንየው» አልኳቸው። ቅር ሳይላቸው ራሳቸው ፈቱት። ሽሮ ነበር። እፊታቸው መልሰን አሰርነው።

መስከረም 24፣ ደባርቅ

ከዚህ ተነስተው ስሜን ተራሮችን በእግር የሚጎበኙ እንግዶችን ጓዝ ሲያሰናዱ አየሁ። ድንኳኑና ስንቁ በበቅሎ ይጫናል፤ ውኃ፣ ሹራብና የዝናብ ልብስ ግን በተጓዡ ጀርባ ይቀራል፤ በቅሎዋ ብትዘገይ ሰውየው በብርድ አይቀጣም። የእጅ ሻንጣም ሥራው ይኸው ነው። ትልቁ ሻንጣ ቢዘገይ ያለ እሱ ማደር የማይቻለውን ብቻ ይይዛል።

የልጅቷ እንዲህ ሆነ፦ ፓስፖርት፣ የዩኒቨርሲቲው የቅበላ ደብዳቤ፣ ዋናው ዲግሪ፣ መድኃኒት፣ ላፕቶፕ፣ አንድ ቅያሪ ልብስ። ፓወር ባንኩም እዚሁ ገባ፤ የሊቲየም ባትሪ በጭነት ክፍል ውስጥ እሳት ቢያስነሳ የሚደርስለት ሰው ስለሌለ፣ በትልቁ ሻንጣ መላክ ክልክል ነው። ከባዱ ጃኬት ይለበሳል እንጂ አይታጠፍም።

መስከረም 26፣ ጎንደር

ከደባርቅ እስከ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ሌሊት ተነሳን። ከአዘዞው የአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ አዲስ አበባ ብዙ ጊዜ የሚበረው ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ነው፤ የዕቃ መደርደሪያው ጠባብ በመሆኑ የእጅ ሻንጣን በር ላይ ተቀብለው ወደ ጭነት ክፍል ሊያስገቡት ይችላሉ። «ከተቀበሉሽ ፓስፖርትሽንና ፓወር ባንኩን አውጥተሽ ያዢ» አልኳት።

«እሺ ጋሼ» ብላ ገባች።

ዘመድ የምትሸኙ ሁሉ፣ ጥቅል ከመቋጠራችሁ በፊት መንገደኛው ስንት ኪሎ እንደቀረው ጠይቁ፤ የምትልኩትንም እፊቱ አሽጉ። ቦታ ከሌለው ምርቃታችሁ ይበቃዋል፤ እሱ አይመዘንም።