ስለ ዋልያ ደጋፊነት

ሰኞ ጠዋት ወደ መሥሪያ ቤታችን ስንገባ፤ ብሔራዊ ቡድናችን በዚያ ሰሞን ተሸንፎ እንደ ሆነ፤ የመዝገብ ቤት ባልደረቦቻችን ከወንበራቸው ብድግ ብለው በሁለት እጃቸው እየጨበጡ «እግዜር ያጽናችሁ» ይሉናል። ከመካከላቸው በዕድሜም በአገልግሎትም የሚበልጡን አንድ ሰው አሉ፤ እርሳቸውም ኮታቸውን ቆልፈው፤ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፤ «ለመሆኑ በስንት ለባዶ ዐረፉ?» ብለው ይጠይቁናል። እኛም እንደ ለቅሶ ቤት ሰው አቀርቅረን «ሁለት ለባዶ» ብለን ወደ ጠረጴዛችን እናልፋለን። ቀልዱ ከዓመት ዓመት አልተለወጠም፤ የሚለወጠው ቁጥሩ ብቻ ነው፤ እርሱም ቢሆን ብዙ አይለወጥም።

አስቀድመን አንባቢ እንዲያውቅልን የምንፈልገው የኳስ ሊቅ አለመሆናችንን ነው። ትምህርታችን ሁለተኛ ደረጃን ከመጨረስ አላለፈም፤ ሥራችንም ደብዳቤ ተቀብሎ ቁጥር መስጠት፤ ፋይል ፈልጎ ማውጣትና በቦታው መመለስ ነው። በልጅነታችን የጨርቅ ኳስ ከመራገጥ በቀር ኳስ ተጫውተን አናውቅም። ይሁን እንጂ መመዝገብ ልማድ ሆኖብን የቡድናችንን ጨዋታ ሁሉ በአንድ ወፍራም ደብተር ስንጽፍ ኖረናል። ደብተሩ አራት ረድፍ አለው፤ ቀን፤ ተጋጣሚ፤ ቦታ፤ ውጤት። እንግዲህ ከዚህ በታች የምንናገረው ከብስጭታችን ብቻ ሳይሆን ከደብተራችንም ጭምር ነው።

የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ እኛ ያየነው ሳይሆን አባታችን ሲናገሩ የጻፍነው ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም የ3ኛው የአፍሪካ ዋንጫ የፍጻሜ ጨዋታ ተደርጎ ቡድናችን ከግብፅ ጋር ተገናኘ። መደበኛው ሰዓት 2 ለ 2 አለቀ፤ በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አንዳንድ ግብ አገቡና 4 ለ 2 ሆነ። አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። አባታችን ያን ጊዜ የ10 ዓመት ልጅ ነበሩ። ይህን ሲተርኩልን ኳሱ ከማን ወደ ማን እንደ ተላለፈ ብዙም አይናገሩም ነበር፤ ስለ ጩኸቱ ግን ሲናገሩ ድምፃቸው ይለወጣል። ጩኸቱ እንዴት እንደ ተነሣ፤ እንዴት መሬቱን እንዳናወጠው፤ ከዚያም አልበርድ ብሎ እንዴት ወደ ለገሃር እንደ ወረደ። እኛም ልጅ ሳለን ያን ጩኸት የሰማነው እስኪመስለን ድረስ ሰምተነዋል።

መዝገብ ያዥ ደስ የማይለውንም መጻፍ ግዴታው ነውና ይህንም ጨምረን ጽፈናል። በዚያ ውድድር የተካፈሉት አገሮች አራት ብቻ ነበሩ። በመጀመሪያው ውድድር ማለት በ1949 ዓ.ም. በካርቱም፤ ደቡብ አፍሪካ በዘር መድልዎዋ ምክንያት ስለ ተከለከለች፤ አንድ ጨዋታ እንኳ ሳናሸንፍ ለፍጻሜ ደርሰን በግብፅ 4 ለ 0 ተረታን። ይህን ስንል የአባቶቻችንን ዋንጫ ማቃለላችን አይደለም። የግብፅን ቡድን በጭማሪ ሰዓት መርታት በማንኛውም ዘመን ቀላል ነገር አይደለም፤ ያን ቡድን ያሠለጠኑት ይድነቃቸው ተሰማም ከ1964 ዓ.ም. እስከ ዕረፍታቸው እስከ 1979 ዓ.ም. የመላውን አፍሪካ እግር ኳስ በፕሬዚዳንትነት የመሩ ሰው ናቸው። ነገር ግን ያን ጊዜ ብዙዎቹ የአፍሪካ አገሮች ገና ነጻ መውጣታቸው ነበር፤ አንዳንዶቹም አልወጡም። እነርሱ ዘግይተው ተነሡና አለፉን፤ እኛ ደግሞ ዋንጫውን እያየን ተቀመጥን። በ1960 ዓ.ም. በአገራችን 4ኛ፤ በ1968 ዓ.ም. እንደ ገና በአገራችን ከምድብ መሰናበት፤ በ1974 ዓ.ም. በሊቢያ አንዲት ግብ ሳያገቡ መመለስ። ከዚያ በኋላ ደብተራችን 31 ዓመት ሙሉ ስለ አፍሪካ ዋንጫ የሚጽፈው አላገኘም።

ስለ ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ግን ሰፋ አድርገን ብንናገር አንባቢ ይፍቀድልን። በካርቱም ሱዳን 5 ለ 3 አሸንፎን ነበር፤ በአዲስ አበባ 2 ለ 0 ብናሸንፍ ከሜዳ ውጭ ባገባነው ግብ ብልጫ እናልፋለን። ዕለቱ እሑድ ነበር። እኛ ሌሊቱን ወጥተን፤ ጋቢ ተከናንበን፤ ከስታዲየሙ በር ተሰልፈን ዐደርን። ሲነጋ ሰልፉ ራሱንና ጅራቱን የሚያውቀው አልነበረም። የገባነው ሚስማር ተራ ነው፤ ከማዶ ካታንጋ እንደ እሳት ይንቀለቀላል፤ ጥላ ፎቅ የተቀመጡት ባለ ወንበሮች ሳይቀሩ ቆመዋል። አዳነ ግርማ አገባ፤ ሳላዲን ሰይድ ደገመ። ከዚያ በኋላ ያለውን ጨዋታ አላየነውም ብንል ሐሰት አይሆንም፤ ምክንያቱም ከአጠገባችን የነበሩ አንድ የማናውቃቸው ሽማግሌ አንገታችንን አቅፈው ያለቅሱ ነበርና ፊታችንን ማዞር አልቻልንም። ጨዋታው ሲያልቅ አንድ እግር ጫማችን የለም። በአንድ ጫማ ከስታዲየም እስከ ፒያሳ፤ ከፒያሳም እስከ ቤታችን በእግራችን ሄድን፤ ሲስቅብን ያየነው ሰው አልነበረም፤ ባዶ እግሩን የሚሄደው ብዙ ነበርና። ቤት ስንደርስ አባታችን በራፍ ላይ ቆመው ይጠብቁን ነበር። «ሰማሁት» አሉን። በዚያ ሌሊት በደብተራችን ላይ፤ ቦታ በሚለው ረድፍ፤ «በሜዳችን» ብለን በቀይ ቀለም ጻፍን።

በጥር ወር በደቡብ አፍሪካ የሆነውን ሁሉ አንባቢ ያውቀዋል። በረኛችን በቀይ ካርድ ወጥቶ፤ ፍጹም ቅጣት ምት ስተን፤ በ10 ሰው የዋንጫውን ባለቤት ዛምቢያን 1 ለ 1 ያዝን። ከዚያም ቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፤ ናይጄሪያ 2 ለ 0።

እስከ አሁን ድረስ እንቅልፍ የሚነሣን ግን ሽንፈት አይደለም፤ አንዲት የጽሕፈት ሥራ ናት። ሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም. ቡድናችን ደቡብ አፍሪካን በአዲስ አበባ 2 ለ 1 አሸነፈና ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ የመጨረሻ ዙር ያለፈ መሰለ። ደስታው ገና ሳይበርድ፤ በቀደመው ሳምንት ቦትስዋናን ባሸነፍንበት ጨዋታ ሁለት ቢጫ ካርድ ያለበት ተጫዋች ማረፍ ሲገባው ተሰልፏል የሚል ክስ መጣ። ክሱም እውነት ነበር፤ 3 ነጥብ ተወሰደብን። ኋላ ማዕከላዊ አፍሪካን አሸንፈን ማለፋችን አልቀረም፤ ቁስሉ ግን አልዳነም። የኳስ ሊቆች ስለ ሥልት፤ ስለ ጉልበት፤ ስለ ቁመት ይከራከሩ፤ እኛ አንገባበትም። ይህ ግን የእኛ ሙያ ነው! አንድ ስም፤ ከስሙ ፊት ለፊት ሁለት ነጥብ፤ ከሁለቱ ነጥብ ፊት ለፊት «ይረፍ» የሚል አንድ ቃል። በየመሥሪያ ቤቱ በየቀኑ ከዚህ የከበደ ነገር ይመዘገባል። ብዙ ሺህ ሰው ሌሊት በብርድ ተሰልፎ፤ ተጫዋቾቹ ላባቸውን አፍስሰው ያገኙትን ነጥብ አንድ ያልተጻፈ መስመር ወሰደው። በዚያ ሳምንት ወደ ቢሮ ገብተን የራሳችንን መዝገብ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው መረመርነው፤ ሦስት ስሕተትም አገኘን። ከዚያ ቀን ወዲህ በሌላው ላይ ድምፃችንን ከፍ አድርገን ለመጮህ ትንሽ ያሳፍረናል።

በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ናይጄሪያ በአዲስ አበባ በመጨረሻዋ ደቂቃ በፍጹም ቅጣት ምት 2 ለ 1፤ በኅዳርም በካላባር 2 ለ 0 አሸነፈችን፤ ነገሩም በዚሁ ተዘጋ።

ሽንፈትን ለምደነዋል፤ የማንለምደው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። በኅዳር 2012 ዓ.ም. በባሕር ዳር ኮት ዲቯርን 2 ለ 1 አሸንፈን ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ያ ስታዲየም የሚፈለገውን ደረጃ አያሟላም ተባለ፤ በአገሩ ሁሉ የሚያሟላ ሌላ ስላልተገኘ ቡድናችን እንግዳውን የሚቀበልበት ቤት አጣ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጋናን «በሜዳችን» የተቀበልነው ጆሃንስበርግ ነው። ከዚያ ወዲህ በደብተራችን ቦታ በሚለው ረድፍ ሊሎንግዌ፤ ዳሬ ሰላም፤ ካዛብላንካ የሚል ተጽፏል። ድግሱን ደግሶ የጎረቤት ግቢ ለምኖ እንደሚያበላ ሰው ሆንን። ለእኛ ለደጋፊዎቹም ሌላ ጉዳት አለው፤ በሜዳ ተገኝቶ ያልጮኸ ሰው በምን መብቱ ይቈጣል? ቡድኑ ሲያጠፋ ከሚስማር ተራ ሆነን እንሰድበው ነበር፤ ስድባችንን ይሰማ ነበር፤ ባይሰማም እኛ የሰማ ይመስለን ነበር። አሁን ብንሰድብ የሚሰማን ግድግዳው ነው።

ገንዘብ ጠፍቶ ነው እንዳይባል፤ ክለቦቻችን አብዛኞቹ የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደሮችና በመንግሥት ድርጅቶች በጀት ነው። የተጫዋቾች ደመወዝ ከልክ አለፈ ተብሎ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ጣሪያው በወር 50,000 ብር እንዲሆን ተወስኖ ነበር። የእኛን ደመወዝ አንባቢ ስለሚያውቀው እዚህ አንጽፈውም። ለተጫዋች መከፈሉን አንቃወምም፤ ዕድሜው አጭር፤ ሙያው አድካሚ ነው። የሚያሳዝነን ሌላ ነው። በልጅነታችን በሰፈራችን ሦስት ሜዳዎች ነበሩ፤ ዛሬ በሁለቱ ላይ ፎቅ ቆሞባቸዋል፤ ሦስተኛው መኪና ማቆሚያ ሆኗል። የ9 ዓመት ልጃችን ኳስን የሚያውቃት በቴሌቪዥን መስኮት ነው፤ የአርሰናልን ተጫዋቾች ስም ከነቁጥራቸው በቃሉ ይዘረዝራል፤ የዋልያዎቹን አምበል ብንጠይቀው ግን ዝም ይላል። አንቈጣውም። ባለፉት ዓመታት ያሳየነው ነገር ምን ነበርና?

አሁን ስለ አባታችን አንድ ነገር እንንገር። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ቡድናችን ግብፅን በሊሎንግዌ 2 ለ 0 አሸነፈ። በብዙ ዓመት አንዴ የሚገኝ ድል ነው፤ ሕዝቡ ግን በቦታው አልነበረም። እኛና አባታችን በሬዲዮ ሰማን። ጨዋታው ሲያልቅ እኛ ዘለልን፤ እርሳቸው ግን በትራቸውን ይዘው ዝም አሉ። ቈይተውም፤

«ልጄ፤ እኔ እኮ ያን ቀን ውስጥ አልነበርሁም» አሉን።

«የትኛውን ቀን?»

«የ54ቱን። ለመግቢያ የሚሆን ሳንቲም አልነበረኝም። ከግንቡ ሥር ቆሜ ነው የሰማሁት። ሲጮኹ እጮኻለሁ፤ ዝም ሲሉ ዝም እላለሁ። ግብፅ ስታገባ የነበረውን ዝምታ ብትሰማው…» ብለው አላስጨረሱትም።

ስድሳ ዓመት ሙሉ አየሁ ሲሉን ኖረዋል። እኛም በደብተራችን የመጀመሪያ ገጽ ግርጌ «ምስክር፤ አባታችን፤ በዐይናቸው ያዩ» ብለን ጽፈን ነበር። ማታ ደብተሩን አወጣንና «በዐይናቸው ያዩ» የሚለውን ሠርዘን «በጆሯቸው የሰሙ» ብለን አረምነው፤ በመሥሪያ ቤታችንም ደንብ መሠረት ከስርዙ አጠገብ ፈረምንበት።

መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ እንደ ገና ግብፅን ገጠምን፤ ቦታው ካዛብላንካ ነው። አባታችን፤ ልጃችንና እኛ ከቴሌቪዥን ፊት ተቀመጥን። ልጃችን ቀዩን የአርሰናል ማሊያ ለብሷል። ተናጋሪው ቡድናችንን «ባለሜዳው» ብሎ ሲጠራ ልጁ ዞር ብሎ «አባዬ፤ ሜዳችን ካዛብላንካ ነው እንዴ?» አለን። ልናስረዳው ጀምረን ነገሩ ረዘመብንና ተውነው። ሁለተኛው ግብ ሲገባብን ወደ ሌላ ጣቢያ እንድንለውጠው ለመነን፤ እኛም እጃችንን ዘርግተን ነበር።

«ተወው» አሉ አባታችን። «ፊሽካ ሳይነፋ ከግንቡ አይኬድም።»

«የቱ ግንብ?» አለ ልጁ።

አባታችንም አጠገባቸው አስቀመጡትና ከመጀመሪያው ጀመሩለት፤ በዚህኛው ጊዜ ከውጭ ሆነው ነው። ልጁ ጨዋታውን ትቶ የእርሳቸውን አፍ ያይ ነበር። ሲጨርሱ የጠየቃቸው ስለ ዋንጫው አልነበረም፤ ግንቡ እስከ ዛሬ አለ ወይ ብሎ ነው የጠየቃቸው። በማግሥቱ ቅዳሜ እንዲወስዱት ቃል አስገባቸው።

እኛም ፊሽካው ሲነፋ ደብተሩን አንሥተን በየረድፉ ሞላን፤ መጋቢት 12፤ ግብፅ፤ በሜዳችን (ካዛብላንካ)፤ 0 ለ 2።