ስለ አንድ ልሙጥ ገጽ

ሥነ ጽሑፍ የምንወድ ሰዎች ባዶ ወረቀትን እናከብራለን፤ እንፈራዋለንም። የእኔን ልብ ከሁሉ ይልቅ የማረከው ባዶ ገጽ ግን ቃል የማይጻፍበት ነው፤ ሳይንቲስቶች «ዋፈር» የሚሉት ስስ የሲሊከን ዝርግ።

የትውልድ ታሪኩ ከብዕር ይጀምራል። ፖላንዳዊው ያን ቾክራልስኪ እ.ኤ.አ. በ1916 ብዕሩን ከቀለም ቢልቃጡ የነከረ መስሎት ከቀለጠ ቆርቆሮ ውስጥ ነከረው፤ ሲያወጣውም ቀጭን የብረት ክር ተከትሎት ወጣ ይባላል። ክሩ አንድ ወጥ ክሪስታል ነበር። ዛሬም የሲሊከን ክሪስታል በዚያው ብልሃት ከቅላጩ እየተሽከረከረ ቀስ ብሎ ይሳባል፤ በስሱ ይቆረጣል፤ ይፋቃል፤ ይወለወላል። ብራና ፋቂዎቻችን ቀለም ከመበጥበጡ በፊት ቆዳውን ወጥረው የሚደክሙትን ድካም ያስታውሰኛል። በታላላቅ ፋብሪካዎች የሚሠራው ዝርግ ከዳር እስከ ዳር 300 ሚሊሜትር ይሰፋል፤ በገጹ ላይ የሚቀረው ሸካራነት ግን ከአንድ ናኖሜትር በታች ነው፤ ጥቂት አቶሞች ቢደራረቡ የሚኖራቸውን ከፍታ እንኳ አያልፍም።

በቤተ ሙከራ የሚሠራ አንድ ወዳጄን «ለመሆኑ ይህን ያህል መለሞጡ ምን ይፈይዳል?» ብዬ ጠየቅሁት።

«የዲኤንኤ ክር ውፍረቱ 2 ናኖሜትር ነው» አለኝ። «መሬቱ 5 ናኖሜትር ከፍና ዝቅ ካለ፣ ያየሁት ክሩን ይሁን የመሬቱን ጉብታ በምን አውቃለሁ?»

እ.ኤ.አ. በ2004 በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ አንድሬ ጋይም፣ ኮንስታንቲን ኖቮሴሎቭና ባልደረቦቻቸው ግራፊንን ለዓለም ሲያስተዋውቁ፣ ከግራፋይት በፕላስተር የላጡትን ስስ ቅርፊት ያሳረፉት በሲሊከን ዝርግ ላይ ነበር። ዝርጉን የለበሰው 300 ናኖሜትር ገደማ የሆነ የኦክሳይድ ሽፋን ብርሃንን በሚመልስበት ሁኔታ የተነሣ፣ የአንድ አቶም ውፍረት ብቻ ያለው ነገር በተራ ማይክሮስኮፕ ሊታይ ቻለ። በ2010 ሁለቱ ሊቃውንት የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ዝርጉ ከሥር ዝም ብሎ ተኝቶ ነበር።

እኔን ግን እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ የወዳጄ ጥያቄ ነው። ግጥም ሳነብ፣ ወይም ሰው ኀዘኑን ሲያወራኝ፣ የሰማሁት የእርሱን ድምፅ ነው ወይስ የገዛ ልቤን ጉብታ? ልብ እንደ ሲሊከን አይወለወልም። ቢወለወልም አልወድም፤ ግጥም የሚይዘን ብዙ ጊዜ በጠባሳችን ላይ ሲያርፍ ነውና። ሆኖም ወዳጄ እንዳስረዳኝ፣ የመሬቱን ቅርጽ አስቀድሞ ያወቀ ለኪ ጉብታውን ከልኬቱ ላይ መቀነስ ይችላል። እኔም ከአንድ ሰው ፊት ለመስማት በተቀመጥሁ ቁጥር፣ ጉብታዬ የት የት እንዳለ አስቀድሜ ለመዳሰስ እሞክራለሁ። ያን ቀንሼ የሚተርፈው፣ ጥቂትም ቢሆን፣ የእርሱ ነው።