የአባያ ዳር እረፍት

ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ ስንወርድ፣ ሁምቦን አለፍ እንዳልን አባያ በስተግራ ብቅ አለ። ውኃው ቀይ ነው። ከደጋው እየታጠበ የሚወርደው አፈር ነው እንዲህ ያቀላው፤ ሳየው ደስታም ቁጭትም ይሰማኛል።

ባሕር ለሌለን ለእኛ የባሕር ዳር እረፍት ማለት ይሄ ነው። አፋፉ ላይ ትንሽ ማረፊያ ቤት፣ ከታች ሐይቁ፣ ጠዋት የዓሣ ንስር ጩኸት።

አሁን በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ ስለ አንድ ወፍ እያሰብኩ ነው።

በ1990 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች እዚሁ አካባቢ ባለው ነጭ ሣር ሜዳ ውስጥ፣ በሌሊት የሚያድን አንድ ወፍ መንገድ ላይ ሞቶ አገኙ። ሊወስዱት የቻሉት አንድ ክንፉን ብቻ ነበር። በ1995 በዚያች ክንፍ ብቻ አዲስ ዝርያ ተብሎ ተመዘገበ። እስከ ዛሬ ሌላ ናሙና የለም።

እስቲ አስቡት! ዓለም የሚያውቀው በአንድ ክንፍ ነው፣ ቤቱ ደግሞ እዚሁ።

በሁምቦ፣ በአበላ፣ በአርባ ምንጭ ዙሪያ ያደጋችሁ፦ ማታ መንገድ ላይ ተጋድሞ፣ የመኪና መብራት ሲያርፍበት ዓይኑ የሚያበራ ወፍ አይታችኋል? የት አካባቢ? ታላላቆቻችሁንም ጠይቁልኝ፤ ከብት ጠባቂ የነበረ ሰው ከማንም በላይ ያውቃል።