ሰቆጣና የዋግ ምድር፦ ለጎብኚና ለአዲስ ነዋሪ

ሰቆጣ በአማራ ክልል ሰሜን ምሥራቅ የሚገኘው የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ ስትሆን፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በተራሮች መካከል የተቆረቆረች ናት። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት የአስተዳደሩ ሕዝብ ከ426 ሺህ፣ የከተማዋ ነዋሪ ደግሞ ከ22 ሺህ በላይ ነበር። ስለ ዋግ በሌላው የአገሪቱ ክፍል አብዝቶ የሚነገረው ድርቅና ረኃብ በመሆኑ፣ በሥራ ተመድቦ የሚመጣ ሐኪም፣ መምህር ወይም የግብርና ባለሙያ አካባቢውን ሳይረግጥ በችግር ብቻ ስሎት መምጣቱ የተለመደ ነው። ይህ ሥዕል ለኑሮ ዝግጅት አይረዳም፤ በዋግ የሰውን አለባበስ፣ ምግብ፣ ጉዞና የጤና ጥንቃቄ በዋናነት የሚወስኑት የቦታው ከፍታና የዓመቱ ወቅት ናቸውና።

ከፍታን በተመለከተ፣ የአስተዳደሩ ወረዳዎች በደጋ፣ በወይና ደጋና በቆላ የተከፋፈሉ ናቸው። ገብስና ባቄላ የሚበቅልባቸው ቀዝቃዛ ደጋዎች በጋዝጊብላና በድሃና በኩል ሲገኙ፣ አበርገሌ፣ ዝቋላና ሳህላ ግን ወደ ተከዘ ሸለቆ የሚያዘቀዝቁ፣ ማሽላ የሚዘራባቸውና ፍየል በብዛት የሚረባባቸው ሞቃታማ ቆላዎች ናቸው። ሰቆጣ ላይ ማታ ጋቢ የሚያስፈልገው ሰው ለመስክ ሥራ ወደ ተከዘ በወረደበት ዕለት ከባድ ሙቀት ስለሚገጥመው፣ ስንቁም ልብሱም ለሁለቱም መሆን አለበት። ከሁሉ በላይ ሊታሰብበት የሚገባው የወባ ጉዳይ ሲሆን፣ ቆላ ወርዶ የሚያድር ሰው አጎበር መያዝ፣ ከተመለሰ በኋላም ትኩሳት ከተሰማው ሳይዘገይ ደሙን መመርመር ይኖርበታል። በሰቆጣ የሚገኘው የተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ለሰፊው የዋግ ሕዝብ ዋነኛ የሕክምና ተቋም በመሆኑ፣ መድኃኒት በቋሚነት የሚወስድ ሰው የሚበቃውን ያህል ይዞ መሄዱ ይመረጣል።

ወቅትን በተመለከተ ደግሞ፣ ክረምቱ በአብዛኛው ከሰኔ መጨረሻ እስከ ጳጉሜን የሚቆይ አጭር የዝናብ ወቅት ሲሆን፣ በዚህ ጊዜ በበጋ ደረቅ የሚመስሉት ወንዞች በድንገት ሞልተው መንገድ ይዘጋሉ። በወልድያ በኩል የሚመጣ መንገደኛ ላሊበላንና ቢልባላን አልፎ በአስከተማ በኩል ወደ ሰቆጣ የሚዘልቅ ሲሆን፣ ሌላው መንገድ በኮረም በኩል ነው፤ በአውሮፕላን ለሚመጣ የሚቀርበው የላሊበላ አየር ማረፊያ ነው። ለጉዞ የሚስማማው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ ሲሆን፣ ከመጋቢት በኋላ የውኃ እጥረት ስለሚበረታ ቤት የሚከራይ ሰው ከክፍሉ ስፋት አስቀድሞ የውኃውን ምንጭና የማጠራቀሚያውን ሁኔታ መጠየቅ ይገባዋል። ይሁን እንጂ የአካባቢው ልጃገረዶች ወገባቸውን በለምለም ሣር አስጊጠው የሚጨፍሩበት የሻደይ በዓል የሚከበረው ከነሐሴ 16 ቀን ጀምሮ በክረምቱ ወቅት በመሆኑ፣ ለበዓሉ የሚመጣ ሰው መንገድ ላይ ሊዘገይ እንደሚችል አስቦ ቀናት መጨመር አለበት።

ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜን ኢትዮጵያ የተካሄደው ጦርነት ዋግን ክፉኛ ጎድቷል፤ መብራት፣ ስልክና የባንክ አገልግሎት ለረጅም ጊዜ ተቋርጠው የነበረ ሲሆን፣ ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀሉ በርካታ ቤተሰቦች በሰቆጣና በአቅራቢያዋ በወለህ ተጠልለዋል። በመሆኑም ተጓዥ ከመነሣቱ በፊት የመንገዱን ደኅንነት ከአካባቢው አስተዳደርና ከሾፌሮች ማረጋገጥ፣ ጥሬ ገንዘብና ተለዋጭ የመብራት ምንጭ መያዝ ይኖርበታል። በጦርነቱ ቤተሰቡን ወይም ቤቱን ያጣ ሰው በየመሥሪያ ቤቱና በየጎረቤቱ ስለሚገኝ፣ ስለ ጦርነቱ ሰውን መጠየቅ ማስተዋልን የሚጠይቅ ጉዳይ ነው።

በከተማዋ አማርኛ በሰፊው የሚነገር ቢሆንም፣ የኽምራ ሕዝብ የራሱ ቋንቋ ኽምጣንጋ ነው፤ ይህም በኩሻዊ የቋንቋ ቤተሰብ ውስጥ ከአዊኛና ከብሊን ጋር የአገው ቅርንጫፍ አባል ነው። በገጠር የሚሠራ የጤና ወይም የግብርና ባለሙያ ሰላምታውንና የሥራውን ዋና ዋና ቃላት በኽምጣንጋ ቢማር፣ በተለይ አማርኛ ከማይናገሩ እናቶችና አረጋውያን ጋር ያለ አስተርጓሚ መግባባት ይጀምራል። ሕዝቡ በአብዛኛው የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ክርስትና ተከታይ በመሆኑ፣ አጽዋማትና በዓላት የሥራን ቀንና የምግብን ዓይነት ይወስናሉ። እድር፣ ማለትም ጎረቤታሞች በኀዘን ጊዜ የሚረዳዱበት ማኅበር፣ አዲስ ነዋሪ ከእንግድነት ወደ ጎረቤትነት የሚሸጋገርበት አስተማማኝ በር ነው።

አካባቢው ከዛግዌ ዘመን የሚዘልቅ ታሪክ አለው። ገዥዎቹ ዋግ ሹም የሚል የዘር ማዕረግ ነበራቸው፤ ከእነርሱ አንዱ ዋግ ሹም ጎበዜ፣ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. ነግሠዋል፤ ከዚሁ የዋግ ሹሞች ዘር የሆኑት ደጃዝማች ኃይሉ ከበደም የጣሊያንን ወረራ ሲዋጉ በ1930 ዓ.ም. መጀመሪያ ተገድለዋል። ሰቆጣ ራሷ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከአፋር በረሃ የሚመጣው አሞሌ፣ ማለትም እንደ ገንዘብ ያገለግል የነበረው የጨው ጡብ፣ የሚራገፍባት ትልቅ ገበያ ነበረች። ከከተማዋ ብዙም በማይርቀው ከዓለት በተፈለፈለው በውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የዋግ ሹሞች አስከሬኖች ተጠብቀው ስለሚገኙ፣ ጎብኚ ካህናቱን አስፈቅዶና ጫማውን አውልቆ መግባት፣ ሳያስፈቅድም ፎቶግራፍ አለማንሣት ይኖርበታል።

መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር፣ ማለትም በምግብ እጥረት የሚመጣን የዕድገት መገታት፣ ለማስወገድ የገባው ቃል በከተማዋ ስም የሰቆጣ ቃል ኪዳን ተብሏል። ይህ ቃል የሚፈጸመው በዋግ ለመቆየት በሚወስኑ ሐኪሞች፣ አዋላጆች፣ መምህራንና የውኃ ባለሙያዎች ነው፤ ተዘጋጅቶ የመጣ ሰው ይቆያል፣ ሳይዘጋጅ የመጣ ግን በመጀመሪያው የውኃ እጥረት ዝውውር ይጠይቃል። ስለዚህ አዲስ ሠራተኛ የሚመድቡ መሥሪያ ቤቶች ስለ ቤት፣ ስለ ውኃ፣ ስለ ወባና ስለ ቋንቋ አስቀድመው ቢያስረዱ፣ ትርፉ ከሠራተኛው ምቾት አልፎ ለዋግ ሕፃናት ይደርሳል።