ኮፊ የሚለው ቃል ከወዴት መጣ

ልጅ ሲጠይቅ፤ አባት የማያውቀውን ሁሉ እንደሚያውቅ አድርጎ መመለሱ በብዙ ቤት የተለመደ ደዌ ነው። ይህ ደዌ በእኔም ላይ እንዳለ የተረዳሁት በቢስቲማ ነው።

ባለፈው በጋ ዘመድ ለመጠየቅ ከደሴ ተነሥተን፤ በሐይቅ በኩል አልፈን ቢስቲማ ደረስን። ቡናው ተፈልቶ አቦሉ በሚቀዳበት ጊዜ፤ እንግሊዝኛ የሚማረው ልጄ «አባባ፤ እንግሊዞች ቡናን ኮፊ የሚሉት ስለ ምን ነው?» አለኝ። እኔም ሳላመነታ «ከአገራችን ከከፋ ስም የተወሰደ ነው» ብዬ መለስሁለት። ልጁ ደስ አለው፤ እኔም ኮራሁ።

ዓረብኛ የተማሩ አንድ ሽማግሌ ሸህ አጠገባችን ነበሩና ፈገግ ብለው፤ «ጌታው፤ ብዙ ሰው እንዲሁ ይላል። ነገር ግን ቃሉ የዓረቦች ቀህዋ ነው፤ ቀህዋም ቀድሞ የወይን ጠጅ ስም ነበረ። አሁን በከተማ ቡና ቤት በምትሉት ውስጥ መጠጥ መሸጡ፤ ስሙን ወደ ጥንቱ መመለሳችሁ ነውን?» አሉኝ። ሁሉም ሳቀ።

ወደ ቤቴ ተመልሼ መዝገበ ቃላት ብመረምር ነገሩ እርሳቸው እንደ ተናገሩት ሆኖ አገኘሁት። ቀህዋ በቱርክ አፍ ካህቬ፤ በኢጣልያ ካፌ፤ በሆላንድ ኮፊ ተባለ፤ እንግሊዞችም በ16ኛው መቶ ዓመት ፍጻሜ ተቀበሉት። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1652 ዓ.ም. በሎንዶን የቡና ቤት ተከፈተ፤ ከዚያም ወዲህ እንዲህ ባለው ቤት ነጋዴውና ጸሐፊው ወሬ ለመስማት ይሰበሰብ ነበር። ዛሬም እንግሊዛዊ «ኮፊ እንጠጣ» ሲል፤ እንደ እኛው ተቀምጠን እንጫወት ማለቱ ነው። ቃሉን ከከፋ ጋራ የሚያገናኙ ሰዎች አሉ፤ ማስረጃው ግን የሳሳ ነውና እንደ ጸና ነገር አድርጌ መናገሬ ስሕተት ነበረ።

ልጄን ጠርቼ «ተሳስቼ ነበር» አልሁት። ይህን አንድ ቃል ማውጣት እጅግ ከበደኝ። ልጁም አዝኖ «እንግዲያ ቡና የእኛ አይደለምን?» አለ። «ዛፉ ዘሪ ሳይኖረው በከፋና በአካባቢው ደን የሚበቅል የአገራችን ዛፍ ነው፤ ኮፊ የተባለበት ስም ግን ባሕር ማዶ የወጣለት ነው። ለአገራችን ክብር እውነቱ ይበቃል፤ ሐሰት መጨመር አያሻም» አልሁት።

ከዚያ ወዲህ የማላውቀውን ሲጠይቀኝ «አላውቅም፤ አብረን እንፈልግ» እለዋለሁ። ክብሬ ይቀንሳል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ የልጁ ጥያቄ ግን በዛ እንጂ አላነሰም።